ፅንስ በማህፀን፦ የአባት ድርሻና የእናት ድርሻ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰውን ከደካማ ጠብታ ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰባቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



በመግሪብና በዒሻ መካከል ያቀረብኩትን ንግግር ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት በጽሑፍ እንድሰጥ ኮሚቴያችን ስለጠየቀኝ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በትምህርት ቤት ከተማርኩትና ከዚያም ወዲህ ካነበብኩት ነው። ርዕሱ ሲነገር አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የሐኪም ወሬ ለመስጊድ ምን ይፈይዳል?» ብለው ነበር። መልሴ አጭር ነው። በኒካሕ የተሳሰሩ ባልና ሚስት ተጣልተው ወደ ሽማግሌ ሲመጡ ደጋግመን ከምንሰማቸው ክሶች ሦስቱ ስለ ማህፀን ናቸው። «ሴት ብቻ ነው የምትወልድልኝ»፤ «የያዘችውን አታጸናም»፤ «ሾተላይ አለባት»። በእነዚህ ክሶች ጦላቅ ወርዷል፤ ልጆች ተበትነዋል።

ሦስቱም ክሶች የሚበቅሉት ከአንድ ሥር ነው። ልጅ የአባት ዘር ነው፣ እናት ግን የተዘራባት መሬት ናት፤ አዝመራው ከተበላሸ የሚወቀሰው መሬቱ ነው የሚል ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ የፈጠረው የእኛ ሰፈር አይደለም። ታላላቅ ፈላስፎች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ተሸክመውት ኖረዋል። አንዳንዱ ደግሞ በሱረቱል በቀራ ሴቶች በእርሻ መመሰላቸውን እየጠቀሰ ይከራከራል። ያ አንቀጽ ግን ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት የወረደ እንጂ የድርሻ ክፍፍል አይደለም። እንዲያውም ጃቢር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት የወረደበት ምክንያት፣ ባል ሚስቱን ከኋላ ዞሮ በእርሻው በኩል ቢቀርባት ልጁ ሸውራራ ይሆናል የሚለውን የመዲና ወሬ ለማፍረስ ነበር። ልብ በሉ፤ ስለ ፅንስ በዘልማድ የሚወራን መሠረተ ቢስ ነገር ለማፍረስ ነው የወረደው።

አስቀድሜ ነገሩ ራሱ እንዴት እንደሚሆን ልናገር። ቀኑን የምቆጥረው የወንዱ ዘር ከሴቷ እንቁላል ጋር ከተዋሐደበት ዕለት ነው። ሐኪሞች ግን ያ ዕለት በትክክል ስለማይታወቅ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ይነሳሉ። ስለዚህ የእነርሱ ቁጥር በሁለት ሳምንት ያህል ይበልጣል። ይህን ባለማወቅ «ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ብሏል፤ እኔ ከመንገድ ከገባሁ ገና አራት ሳምንቴ ነው» ብሎ ሚስቱን የሚጠረጥር ሰው ይገኛል። አላህን ይፍራ፤ ሒሳቡ ልክ ነው።

የሴት እንቁላል በሰው አካል ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ሁሉ ትልቁ ነው። እንዲያም ሆኖ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የወንዱ ዘር ጅራቱን ትተን ጭንቅላቱን ብቻ ብንለካ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሁለት መቶኛ ገደማ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በማህፀን ውስጥ ሳይሆን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይወርድና በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ገደማ ማህፀን ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የእንግዴ ልጁም መሠራት ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት ሕዋሳቱ በሦስት ድርብ ይደረደራሉ። ከላይኛው ቆዳና ነርቭ፣ ከመካከለኛው ሥጋ፣ አጥንትና ደም፣ ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ ውስጠኛ ሽፋን ይወጣሉ። በ22ኛው ቀን ገደማ ልብ መምታት ትጀምራለች። በዚያን ጊዜ እናቲቱ የወር አበባዋ ከቀረ አንድ ሳምንት ቢሆናት ነው፤ ብዙዋ ገና አላወቀችም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። የፅንሱ ርዝመት ያኔ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ዋና ዋና ብልቶቹ ሁሉ ተጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በአብዛኛው የማደግና የመጠንከር ነው። ወሳኙ ሥራ የሚሠራው ገና ሆድ ሳይታይ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ነው።

ሰው ይህን እንዴት ዐወቀ? ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከመወለዳቸው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበረው ግሪካዊው አሪስቶትል ዶሮ የታቀፈቻቸው እንቁላሎች በየቀኑ ሲከፈቱ የሚታየውን ጻፈ። ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት በኋላ ልቧ እንደ ደም ነጥብ ሆና ስትንቀሳቀስ እንደምትታይ መዘገበ። ይህ ትክክል ነው፤ ዶሮ የምታረባ እናት ሁሉ ልታረጋግጠው ትችላለች። ስለ ሰው ሲመጣ ግን ማየት ስላልቻለ በሐሳብ ሞላው። ሴት የምትሰጠው ደም ብቻ ነው፣ ቅርጽና ሕይወት የሚሰጠው የወንድ ዘር ነው፣ ዘሩም ወተትን እንደሚያረጋ ነገር ደሙን ያረጋዋል አለ። ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ሐኪሙ ጋሌን፣ ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት፣ ሴትም ዘር አላት ብሎ ተቃወመው። ግን እርሱም ቢሆን የሴቷ ዘር ደካማና ቀዝቃዛ ነው ከማለት አልዳነም።

እነዚህ መጻሕፍት በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ፤ የጋሌንን ብዙዎቹን የተረጎመው ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመንም በቁርጡባ ዐሪብ ኢብን ሰዕድ የተባለ ሰው ስለ ፅንስ አፈጣጠር፣ ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ሕፃን አያያዝ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ የእኛ ዑለማዎች በአንድ በኩል የግሪኮች መጻሕፍት፣ በሌላ በኩል ቁርኣንና ሐዲሥ ከፊታቸው ነበሩ።

ሐዲሡ ምን ይላል? ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ሴት ልጅ በሕልሟ ወንድ የሚያየውን ብታይ መታጠብ አለባት ወይ ብለው ጠየቁ። የነበሩት ሴቶች አፈሩ። ነቢዩ ግን አላፈሩም፣ አላሳፈሩምም። ፈሳሹን ካየች መታጠብ እንዳለባት ከነገሩ በኋላ፣ ልጅ እናቱን የሚመስለው ከእርሷም ስለሚወጣ መሆኑን አስረዱ። በሱረቱል ኢንሳንም ሰው የተፈጠረበት ጠብታ «አምሻጅ» ተብሏል፤ ቅልቅል ማለት ነው። ብዙ ሙፈሲሮች የወንድና የሴት ውሃ ቅልቅል ነው ብለው ፈትተውታል። በ1350 የሞቱት ኢብኑል ቀይዪም ልጅ ከሁለቱም ውሃ እንደሚፈጠር ተከራክረዋል። በ1449 የሞቱት ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ደግሞ «ፈትሑል ባሪ» በተባለው ሸርሓቸው፣ ብዙዎቹ የአካል ሊቃውንት የወንድ ውሃ የወር አበባን ደም ከማርጋት በቀር ድርሻ የለውም እንደሚሉ ጠቅሰው፣ ሐዲሦቹ ይህን እንደሚያፈርሱ ጽፈዋል። እነዚህ ሸሆች እንቁላል በዓይናቸው አላዩም። ማንም አላየም ነበር። የነቢዩን ቃል ግን ለፈላስፋ ዝና ብለው አላጣመሙትም። (ከላይም ከታችም የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በኋላ ምርመራው በአውሮፓ ቀጠለ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ የንጉሡን አጋዘኖች ከተጠቁ በኋላ እያረደ ማህፀናቸውን ለሳምንታት ቢፈትሽ ምንም አላገኘም። በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ሁሉም እንስሳ ከእንቁላል ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ነገሩ ወደ አንዲት የሆላንድ ከተማ፣ ወደ ደልፍት ሄደ። እዚያ ሬኒየር ደ ግራፍ የተባለ ወጣት ሐኪም በ1672 የሴት እንቁላል የሚበስልባቸውን ከረጢቶች ገልጾ አሳተመ። ከረጢቱን እንቁላሉ ራሱ መስሎት ነበር፤ ሆኖም ቦታውን አልሳተም። በዚያችው ከተማ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም፤ መስታወት እየፈተገ ማይክሮስኮፕ ይሠራ ነበር። ለለንደን ሊቃውንት ማኅበር በ1673 በደብዳቤ ያስተዋወቀው ያው ደ ግራፍ ነው፤ በዚያው ዓመት በ32 ዓመቱ ሞተ። ሌቨንሁክ በ1677 በወንድ ዘር ውስጥ እየዋኙ የሚሄዱትን ነፍሳት አየ። ለማኅበሩ ሲጽፍም ዘሩን ያገኘው በኃጢአት ሳይሆን ከሕጋዊ ሚስቱ ጋር ከነበረው ግንኙነት መሆኑን ማስታወቅ አልረሳም። ይህ ሐያእ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የእናት ድርሻ በአንዱ ሰው እጅ፣ የአባት ድርሻ በሌላው ሰው እጅ፣ በአንዲት ከተማ ተገኘ። ይጋጠማሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሊቃውንቱ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። አንዱ ወገን ሙሉ ሰው ተጣጥፎ በእንቁላሉ ውስጥ ተቀምጧል፣ የወንድ ዘር መቀስቀሻ ብቻ ነው አለ። ሌላው በወንዱ ዘር ውስጥ ነው፣ ሴቲቱ ማሳደጊያ ናት አለ። ኒኮላስ ሃርትሱከር በ1694 በወንድ ዘር ጭንቅላት ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ትንሽ ሰው ሥሎ አወጣ፤ ማየት ቢቻል ይህን ይመስል ይሆናል ብሎ እንጂ አየሁ ብሎ አይደለም። ሥዕሉ ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ሩቅ ሄደ። ማይክሮስኮፕ ይዘውም ሰዎች ያዩት የፈለጉትን ነበር።

የእውነተኛዋን እንቁላል በጡት አጥቢ እንስሳ ውስጥ ያየው ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ነው። በ1827 በፕሩሺያ፣ በኮኒግስበርግ ከተማ፣ የሥራ ባልደረባው በሰጠው የቤት ውሻ አካል ውስጥ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አግኝቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከታት ከድንጋጤው ብዛት ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ማንሳት ግድ ሆነበት። ከሌቨንሁክ 150 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያም በ1876 ጀርመናዊው ኦስካር ኸርትቪግ የባሕር ጃርት የሚባለውን እንስሳ እንቁላል መረመረ፤ እንቁላሉ ጥርት ያለ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። የአባቱና የእናቱ አስኳል ሲቀራረቡና ሲዋሐዱ አየ። በ1883 ደግሞ የቤልጅጉ ኤዱዋርድ ቫን ቤኔደን በፈረስ ሆድ ውስጥ በሚኖር ትል ላይ ሲመረምር ከአባትና ከእናት የሚመጡት ክሮሞዞሞች በቁጥር እኩል መሆናቸውን አረጋገጠ። በሰው 23 ከአባት፣ 23 ከእናት፣ በድምሩ 46 ነው። ይህ የሰው ቁጥር በትክክል የታወቀው በ1956 ነው። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ስንቅ በሙሉ ደግሞ የእናት ነው። ጉልበት የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት ቅንጣቶችም ከእርሷ ይወረሳሉ። «መሬት» የተባለችው እናት ግማሹን ዘርና ስንቁን ሁሉ ይዛ ተገኘች።

በዚህ ውርስ ውስጥ አንዳንዱ ባሕርይ ለብዙ ትውልድ ተደብቆ ይቆይና ድንገት ይወጣል። አንድ የገጠር ዐረብ ሚስቱ ጥቁር ልጅ መውለዷን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጥርጣሬ ሲነግራቸው የመለሱለት መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት፤ ቀይ ናቸው አለ። አመድማ አለበት ወይ አሉት፤ አለ አለ። ከየት መጣ ቢሉት ምናልባት የዘር ሐረግ ስቦት ይሆናል አለ። የልጅህም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል አሉት። ሰውየውን በገዛ ግመሎቹ አስተማሩት።

የሰውን ፅንስ ራሱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማየት የተቻለው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በአሜሪካ፣ ቦስተን አካባቢ፣ አርተር ኸርቲግና ጆን ሮክ የተባሉ ሐኪሞች ከ1938 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ያህል በሕመም ምክንያት ማህፀናቸው የሚወጣላቸውን ፈቃደኛ ሴቶች ተከታትለው፣ ዕድሜያቸው እስከ 17 ቀን የሆነ 34 ፅንሶችን አገኙ። በሥራው ላይ አንድ ፈቂህ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ያንን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ለዛሬ ጉዳያችን የሚጠቅመው ያገኙት ነገር ነው። ከ34ቱ ጥቂት የማይባሉት ከመጀመሪያው የተበላሹና ሊጸኑ የማይችሉ ነበሩ። እናቶቻቸው ምንም አልሠሩም፤ ማርገዛቸውንም አላወቁም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ብዙዎቻችሁ ስለ ቁርኣንና ስለ ፅንስ የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍትን አንብባችኋል። ካናዳዊው የአካል ሊቅ ኪት ሙር በጅዳ ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቶ፣ የመማሪያ መጽሐፉ በ1983 ከሸህ ዐብዱልመጂድ አዝ-ዚንዳኒ ተጨማሪዎች ጋር ከታተመ ወዲህ ይህ ወሬ ዓለምን አዳርሷል። እኔ በጉዳዩ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ። ጃሊኑስም ከቁርኣን መውረድ በፊት ፅንስ በደረጃ እንደሚያድግ ጽፎ ነበር፤ ተከራካሪም ይህን ያነሳል። ሐኪምን ለአላህ ቃል ምስክር አድርጎ የሚያቆም ሰው፣ ሐኪሙ ነገ ሐሳቡን ሲለውጥ ምን ሊል ነው? በሱረቱል ሙእሚኑንና በሱረቱል ሐጅ ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ እየተባለ የተዘረዘረው እረኛውም ሐኪሙም ሰምቶ ፈጣሪውን እንዲያስብ ነው። ዐለቃ የሚለውን ብዙዎች የረጋ ደም ብለው ተርጉመውታል፤ ቃሉ የሚንጠለጠልና የሚጣበቅ ነገርንም ይጠቁማል። ለእኛ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ «አልቅት» የምንለው የራሳችን ቃል የዐረብኛው ዐለቅ ዘመድ ነው። ከብቱን ውሃ ያጠጣ ሁሉ አልቅት ምን እንደሆነች ያውቃል።

ወደ ክሶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው፣ «ሴት ብቻ ነው የምትወልድልኝ» የሚለው፣ ፈጥኖ ያልቃል። እናት ለልጇ የምትሰጠው የፆታ ክሮሞዞም ምንጊዜም ኤክስ ነው። አባት ኤክስ ወይም ዋይ ይሰጣል። ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይሆናል። ይህን በ1905 በዱቄት ትል ላይ መርምራ ያሳየችው ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ናት። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ክስ ይቅረብ ከተባለ ተከሳሹ ሌላ ሰው ነው። ግን እርሱም በምርጫው የሰጠው ነገር የለም፤ ሰጪው አላህ ነው። አል-ጃሂዝ እንዳወጉት አቡ ሐምዛ የተባለ ዐረብ ሚስቱ ሴት ስለወለደች ኩርፊያ ይዞት ጎረቤት ያድር ነበር። አንድ ቀን በደጇ ሲያልፍ ልጇን እያስጨፈረች ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን በግጥም ስትናገር ሰማ። ገብቶ እናትና ልጁን ሳመ። ክሮሞዞም አላስፈለገውም።

«ሾተላይ» የሚለው ግን ከባድ ነው፤ ብዙ ቤት አፍርሷልና ጊዜ ልስጠው። ሴት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ትወልዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት በሆድ እያሉ ወይም እንደተወለዱ ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። ሕዝቡ ሾተላይ ይላታል፤ ትሸሻለች፤ ባሏም ዘመድ መክሮት ይፈታታል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሞት ብዙው ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ1940 ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር አር-ኤች የሚባለውን የደም ዓይነት አሳወቁ። አብዛኛው ሰው በዚህ በኩል ፖዘቲቭ ነው፤ ጥቂቱ ኔጋቲቭ ነው። ኔጋቲቭ ሴት ፖዘቲቭ ወንድ ካገባች ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ከልጁ ደም ጥቂት ወደ እናቲቱ ያልፍና ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷልና አይነካም። ተከታዩ ፖዘቲቭ ልጅ ሲመጣ ግን ያ መከላከያ የልጁን ደም ያጠፋዋል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ያ ባል ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ሲያገባ፣ ሁለተኛዪቱ እንደ አብዛኛው ሰው ፖዘቲቭ ስለምትሆን ጤነኛ ልጆች ትወልድለታለች። እርሱም «አላልኳችሁም? ጥፋቱ የእርሷ ነበር» ይላል፤ መንደሩም ያምነዋል። ነገር ግን የተፈታችው ሴት ኔጋቲቭ ወንድ ብታገባ ኖሮ እርሷም በዚህ ምክንያት ልጅ አታጣም ነበር። መንስኤው የሁለቱ ደም መገናኘት ነው፤ በአንዷ ላይ ብቻ የሚጫን ነገር የለም። ደግሞ መከላከያ አለው። አንቲ-ዲ የሚባለው መርፌ ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል፤ በወሊድ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፣ በእርግዝናም ወቅት ይሰጣል፣ ፅንስ ከወረደም በኋላ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ለኒካሕ የሚቀርቡ ወጣቶች የደም ዓይነታቸውን እንዲያውቁ እመክራለሁ። ኒካሑን ለማፍረስ አይደለም፤ መርፌውን በጊዜው ለማግኘት ነው።

«የያዘችውን አታጸናም» ወደሚለው ስንመጣ፣ ከታወቁት እርግዝናዎች መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በራሳቸው ይወርዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ክሮሞዞሙ ከመነሻው በዝቶ ወይም ጎድሎ የመጣ ነው። እንስራ በማንሳቷ፣ ከአማቷ ጋር በመጣላቷ፣ አምሮቷ ባለመሟላቱ አይደለም። ዐይን ሐቅ መሆኑን አንክድም፤ ጎረቤትን በስም ጠርቶ «በዐይኗ አስወረደችኝ» ማለት ግን ያለ ማስረጃ መወንጀል ነው። አማርኛችን ራሱ ከእኛ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ሆን ብላ ያደረገችውን «አስወረደች» ይላታል፤ የደረሰባትን ደግሞ «አስወረዳት» ይላል፤ «አመማት»፣ «ጠማት» እንደሚለው። የታመመችን ለምን ታመምሽ ብሎ የሚከስ የለም። ደጋግሞ የሚያስወርዳት ከሆነ ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። አብረው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክሮሞዞሙ ጉድለት ከባልየውም ሊመጣ ይችላልና።

ልንጠነቀቅበት የምንችለው ነገርም አለ። ቱቦው በ28ኛው ቀን ይዘጋል ብያለሁ። ሳይዘጋ ሲቀር አከርካሪው ወይም ጭንቅላቱ ክፍት የሆነ ልጅ ይወለዳል። በ1991 በእንግሊዝ ተመርቶ በሰባት አገሮች የተደረገ ጥናት ውጤቱ ሲታተም፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ ሴቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ቢወስዱ አደጋው በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ችግሩ በአገራችንም እንግዳ አይደለም። እንክብሉ ለእያንዳንዷ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይመከራል፤ ማርገዟን ካወቀች በኋላ ብቻ መጀመር ግን ይዘገያል። ሌላው መድኃኒት ነው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበውን ታሊዶማይድ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በ1961 መጨረሻ እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ልጆች እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወለዱ። ጉዳቱ የሚደርሰው እጅና እግር በሚበቅሉባቸው ጥቂት ቀናት በተወሰደ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ክኒንም ሆነ ያልታወቀ ሥር ለነፍሰ ጡር አይሰጥ። ባልም ሲጋራውን ከቤት ያውጣ።

ከንግግሩ በኋላ በወረቀት የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስና ላብቃ፤ ስለወረደ ፅንስ ነው። አራት ወር ማለትም 120 ቀን የሞላው ከሆነ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ይቀበራል። ሶላት ይሰገድበታል ወይስ አይሰገድበትም በሚለው መዝሃቦቹ ይለያያሉ፤ በየመዝሃባችሁ ጠይቁን። ከዚያ በታች የሆነውም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበር እንጂ አይጣል። የሰው ቅርጽ የታየበት ከሆነ የእናቲቱ ደም የኒፋስ ደም ነው፤ ቅርጹ ካልታየ የዑለማዎች ልዩነት ስላለ ቀኗን ይዛ ትጠይቅ። ስትቆጥር ግን የሐኪሙን ቁጥር እንዳለ አትውሰድ፤ ሁለት ሳምንት ትቀንስ። ሐኪሙ 17 ሳምንት ቢላት 119 ቀን ይመስላል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን 105 ቀን ገደማ ነው፤ 120 የሚሞላው ሐኪሙ 19 ሳምንት ሲል ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማቅረብ የምታፍር እህት ካለች በወረቀት ጽፋ መላክ ትችላለች። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ግን በአካል መጥተው ነበር የጠየቁት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።